በምራቂ የሄደችው ካርድ

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን የሞቱ ዘመዶች ፎቶ መስለውኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ፣ መዳፍ የማይሞሉ ካርቶኖች፣ በየካርቶኑ ላይ ቆብ ያደረገ ወንድ። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ጎን ሰበር አድርገው አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው ጥግ እያስጠጉ ያያሉ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልበል አልበል እያልኩ ቆይቼ ዝም አልኩ። ደግ አደረግኩ። የቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ። ለነገሩ አብዛኞቹ ሞተዋል ብለው በኋላ ነግረውኛል።

የኮሮናው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው የምሠራበት ኤጀንሲ አፐር አርሊንግተን ሰፈር ወዳለው ወደዚያ ቤት የላከኝ። ሥራዬ አቅመ ደካማ መንከባከብ ነው፤ ምግብ ማቅረብ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ማጠብ፣ ማጫወት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ ቁጥር አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛውን ከሥራና ከልጄ ለቃቅሜዋለሁ። ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኢስትሙር ሰፈር ባለው ቤታችን አልጋዋ ላይ ሆና በስክሪን ትማራለች፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እንደዚያው እንግባባለን።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገር እፈራ ነበር። በሽታውን ከሽማግሌው ወደ ልጄ እንዳላመጣ እፈራለሁ፣ ከልጄ ወደ ሽማግሌው እንዳልወስድም እፈራለሁ። የሰው ቤት ዕቃ ጠፍቶ በእኔ እንዳይሳበብ ደግሞ ከሁሉም በላይ እፈራለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት በአንድ የጆሮ ጌጥ ምክንያት ከሥራ ተባርራ ነበር። ጌጡ ኋላ ከሶፋ ሥር ተገኘ፣ እሷን ግን ተመለሽ ያላት የለም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስሄድ ኪስ የሌለው ልብስ ነው የምለብሰው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለሽማግሌው ፖስታ መጣ። በጓንት ይዤ፣ ሳኒታይዘር ረጭቼ፣ ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር፤ ሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይ ይባላል። ሽማግሌው ፖስታዬ የት አለ ሲሉኝ ነገርኳቸው።

«ውስጡ ያሉት ስድሳ ዓመታቸው ነው» አሉኝ። «እስካሁን ያልሞቱ አሁን በዚህ ሊሞቱ ነው?»

«ለእነሱ አይደለም፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እኔን የሚገድለኝ መጠበቅ ነው።»

ሦስቱን ቀን ግን ጠበቁ። በአራተኛው ፖስታውን ከፈቱ። እኔም ምን ይሆን ብዬ በትከሻቸው በኩል አንገቴን አሰገግኩ። ሁለት ካርቶን። ለሁለት ካርቶን ይህ ሁሉ? ቀጣሪ ጥያቄ አይወድም ብዬ አፌን ይዤ የኖርኩት ሴትዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ አላቆምኩም።

ስማቸውን በባዶው መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነው አልኳቸው። ወንድም ከሆነ ግድ የለም፣ አያት ከሆነ ግን እንጣላለን አሉ። እና ጋሼ ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። በልጅነታቸው እነዚህ ካርዶች ከማስቲካ ጋር ታሽገው ይሸጡ ነበር። ማስታወቂያው ከላይ፣ ማስቲካው ከውስጥ፣ ተጫዋቾቹም አብረው። እሽጉን ሳትቀድ ማን እንዳለበት አታውቅም። ስለዚህ አንዱ ሰውዬ ሦስት አራት ጊዜ ይወጣልሃል፣ ሌላው እድሜ ልክህን አይመጣም። የደገመህን ላልደረሰው ሰጥተህ የጎደለህን ከእሱ መቀበል ነው ጨዋታው። የተደጋገሙትን እኔ በልቤ መንታ ብዬ ሰየምኳቸው።

ጋሼ የሚሰበስቡት የአንድ ዓመት ካርድ ብቻ ነው፤ እሳቸው አሥር ዓመት የሞላቸውን ዓመት። በየካርዱ ጀርባ ቁጥር አለ። አልበሙ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ኪስ አለው፣ አንዱ ገጽ ላይ ዘጠኝ ኪስ። እኔ በሄድኩበት ወር አራት ኪስ ባዶ ነበር፣ ጥር ላይ አንድ ቀረ። ትልልቆቹ ቁጥሮች ይቸግራሉ አሉኝ። ለምን? የመጨረሻዎቹ የሚታተሙት በመከር ነው፣ በመከር ደግሞ ልጆቹ ሐሳባቸው ወደ ሌላ ኳስ ስለሚሄድ ማስቲካውን የሚገዛ ያንሳል፣ ታዲያ ማተሚያ ቤቱም ቀነስ አድርጎ ያትማል። ስድሳ ዓመት የሞላው የልጆች ስልቹነት ዛሬ ድረስ ሽማግሌ ያንከራትታል ብዬ ገረመኝ።

ችኮላቸው ከዓይናቸው ነው። የዓይናቸው መሃሉ እየጠፋ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ሲያዩ በፊቱ ቦታ ጭጋግ ነው የሚታያቸው፣ ዳር ዳሩን ግን ያያሉ፤ አንገታቸውን የሚሰብሩት ለዚያ ነው። በየወሩ ዓይናቸውን መርፌ ይወጋሉ። ሐኪሙ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም ብሏቸዋል። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ አልበሙ ከአንድ እስከ መጨረሻው ሞልቶ በገዛ ዓይናቸው ማየት። ይህን ለእኔ ከነገሩኝ በኋላ ለሌሎቹ ሰብሳቢዎች እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። አለማየቴን ካወቁ እጥፋት ያለበትን፣ ጥጉ የተበላውን ሁሉ ይሰጡኛል፤ ከጠየቁሽ ጉልበቱን አሞታል በያቸው አሉኝ።

ዓይናቸውን እኔ ሆንኩላቸው። ካርድ እንዴት እንደሚታይ አስተማሩኝ። መጀመሪያ አራቱን ጥግ፤ ሹል ነው ወይስ ተበልቷል? ቀጥሎ ነጩን ጠርዝ፤ በግራና በቀኝ እኩል ነው? ከዚያ መስኮት አጠገብ ሄደሽ በብርሃኑ ላይ ዘንበል አድርጊው፤ እጥፋት ካለ እንደ ፀጉር ብልጭ ይላል። ምስር ለቅሜ ነው ያደግኩት፣ ከምስር ጠጠር የለየ ዓይን ይህ አያቅተውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጋሼ ቀድሜ «ይቺ ሦስተኛው ጥጓ ሄዷል» ማለት ጀመርኩ። ትምህርት ቤት እንዲህ ቢያመሰግኑኝ ኖሮ አራተኛ ክፍል ላይ አላቋርጥም ነበር።

ሰብሳቢዎቹ ድሮ በወር አንዴ አዳራሽ ውስጥ ይገናኙ ነበር። ኮሮና ዘጋባቸው፣ ቅያሬው ሁሉ በፖስታና በየሰው በረንዳ ሆነ። ከእነሱ አንዷ ኢስትሙር ከእኔ ቤት አራት መንገድ አልፎ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እትዬ ልበላቸው። ጋሼ የጎደላቸውን ያን አንድ ካርድ እትዬ ሁለት አላቸው። ግን ዝም ብለው አይጠይቁትም፤ ወዳጄ፣ መሃል ላይ ያለውን ቁራጭ ለማግኘት ከዳር ነው የሚጀመረው አሉኝ ጋሼ። እናም ከሥራ ስወጣ፣ የመንታዎቹን የብስኩት ቆርቆሮ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መኪናዬ ውስጥ ጎኔ አስቀምጬ በቀበቶ አስሬ ሄድኩ።

እትዬ ማስካቸውን ከአፍንጫቸው በታች አድርገው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ታጣፊ ጠረጴዛ አለ። እሳቸው ካርዳቸውን ያስቀምጡና ወደ ኋላ ይላሉ፣ እኔ እጠጋና አይቼ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ደግሞ የእኔን አስቀምጣለሁ። ከሩቅ ለሚያየን ዳንስ የምንለማመድ ነው የምንመስለው።

«ጉልበቱ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«አመማቸው።»

«ምላሱስ? እሱም ታሟል እንዳትይኝ። ሠላሳ ዓመት ሲያደክመኝ የኖረው ምላሱ ነው።»

ሦስት ሰጥቼ ሁለት ተራ ካርድ ተቀበልኩ፣ የጎደለችዋን ገና አላነሳሁም፤ ጋሼ እንዲያ ነበር ያሉኝ። አለቀ። እትዬ ካርዶቻቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ የገበያው ልማዴ መጣብኝ። እኔ ከአክስቴ ጋር ገበያ ተቀምጬ በርበሬና ቅመም የሸጥኩ ሰው ነኝ። ገዢ ተስማምቶ ዕቃውን ሲያነሳ ባዶውን አይሸኝም፤ እፍኝ ወይም ቁንጥር ምራቂ ይጨመርለታል። ያላደረገ እጁ ደረቅ ነው ይባላል፣ ገዢውም ሁለተኛ አይመጣለትም። ምራቂ ደግሞ ከተበላሸው አይሰጥም፣ ነውር ነው። እና ከቆርቆሮው በስተኋላ፣ ከካርቶን መከለያው ጀርባ፣ ጥጓ ሹል የሆነ ንጹሕ መንታ መዘዝኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይቺ ለእርስዎ ናት» አልኩ።

እትዬ ካርዷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ካርዷን አዩ። አመሰግናለሁ አላሉም። እኔ ተደስተው ነው ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ከእትዬ ወሬ ጠፋ። ጋሼ ደወሉ፣ አላነሱም። መልእክት ተዉ፣ መልስ የለም። ሁለት ሳምንት ሆነ። የዚያ ወር መርፌ ደግሞ ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር፣ ከሐኪም ቤት ስመልሳቸው መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነበር። ማግስቱን ከቁርስ በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ መለሳለሱ ይበቃል፣ ትልቁን አውጥተን እንስጣት አሉኝ። ከመከለያው ጀርባ አንዲት ንጹሕ ካርድ አለች፣ ቁጥሯን አንብቢልኝ፣ ለመጨረሻዋ ካርድ ብዬ ሰባት ዓመት ያስቀመጥኳት ናት።

እጄ ቆርቆሮው ላይ ቀረ። መከለያው ካርዶቹ እንዳይወድቁ የገባ ድጋፍ ነበር የመሰለኝ።

«የለችም» አልኩ።

«ፈልጊያት።»

«እኔ አላየሁም ጋሼ።»

ይህን ማን አስወራኝ? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። የዚያች እህት የጆሮ ጌጥ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ኤጀንሲው፣ የቤት ኪራዩ፣ ልጄ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። አላየሁም ማለት እውነት መናገር ከሚፈልገው ትንፋሽ ያነሰ ነው የሚፈልገው።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አልጠረጠሩም። ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። በማግስቱ መሳቢያዎቹን አወጡ። በሦስተኛው ቀን ስደርስ የመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ በእጃቸው ምንጣፉን እየደባበሱ። አስነሳኋቸው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር፣ ጭንቅላቴም አብሮ እየሄደ ነው መሰለኝ አሉ። የት እንዳስቀመጥኳት ግን አሁንም ይታየኛል፣ እጄ ሁሉ ያስታውሳታል አሉ። የምሳውን ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ካርዷን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ለሴትዮዋ። ምራቂ ብዬ።»

ምራቂ ምን እንደሆነ ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃም፤ በርበሬውን፣ እፍኙን፣ ደረቅ እጁን፣ ሁሉን በእጄ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን እጄን እንደማያዩት ትዝ አለኝና ተውኩ።

«ታዲያ አላበድኩም» አሉ።

«አላበዱም።»

«ሦስት ቀን ምንጣፍ ስደባብስ አየሽኝ።»

«ፈራሁ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔንም አስፈራሽኝ።»

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ሾርባውንም አሙቄ መለስኩት።

ከሰዓት በኋላ በእኔ ስልክ ለእትዬ ደወልን፤ የማያውቁት ቁጥር ስለሆነ አነሱ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ገና የጋሼን ድምፅ ሲሰሙ፣ ካርዷ ላይ ምን አድርገህባት ነው አሉ። ለካስ ሁለቱን ሳምንት በማጉያ መነጽር ሲመረምሯት ከርመዋል። እንዲያ ንጹሕ የሆነች፣ ትልቅ ቁጥር ያላት ካርድ በነፃ የሚሰጥ ሰው የለም። ወይ አስመስሎ የተሠራች ናት፣ ወይ የተበላ ጥጓ ሹል እንዲመስል ጠርዟ በምላጭ ተቆርጧል። ቢለኳት ልኳ ትክክል፤ በመብራት ቢያዩአት ንጹሕ፤ ምንም አጡባት። ምንም ስላጣሁባት ነው የፈራሁህ አሉ እትዬ፤ ምንም የሌለበት ወጥመድ ሠላሳ ዓመት አይቼ አላውቅም። የሠራኸውን ካልነገርከኝ ሰውህን አትላክብኝ ብለው ዘጉት።

ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እኔ በፍርሃት ስዋሽ ሴትዮዋ ደግሞ እኔ በሰጠኋት ምራቂ እንቅልፍ አጥታ። ደግነት ሰው ያስፈራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ጋሼ ነገ የዕረፍት ቀንሽ ነው አይደል አሉኝ። ሂጂና ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያት፣ በርበሬውንም ጨምረሽ።

ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ ቋንቋው ከከበደኝ ብዬ። መኪናው ውስጥ ምራቂን በእንግሊዝኛ ምን ልበል አልኳት። ስጦታ በይ አለችኝ፤ ስጦታ አይደለም አልኩ። ጉርሻ በይ አለችኝ፤ እሱም አይደለም አልኩ። ስልኳን ጭኗ ላይ ጣለችና «ማሚ፣ ጀስት ቴል ሄር ዘ ስቶሪ» አለች፣ ታሪኩን ብቻ ንገሪያት ማለቷ ነው። ከመኪናም አልወረደችም፤ የቤት ሥራ አለብኝ አለች።

ስለዚህ በራሴ አፍ ነገርኩ። ከበረንዳው ደረጃ ሥር ቆሜ፣ ገበያውን፣ አክስቴን፣ ሰፌዱን፣ ገዢው ዕቃውን ሲያነሳ ስለምትጨመረው ቁንጥር። እትዬ እጃቸውን አጣምረው አዳመጡኝ። ሳላስበው ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ። ምራቂው ከተሸጠው ቢበልጥስ? አይበልጥም፣ ነጋዴው ይከስራል። ገዢው መጠየቅ ይችላል? ይችላል፣ እንዲያውም ካልሰጡት ይቆጣል። ታዲያ አንቺ ሳልጠይቅሽ ለምን ሰጠሽኝ?

«ሠላሳ ዓመት ሲያደክመኝ ኖሯል ሲሉኝ ጋሼ እንዲያው ባዶዎን ሲሸኙዎት የኖሩ መሰለኝ» አልኩ። «አፈርኩላቸው።»

እትዬ መጀመሪያ አልሳቁም። ቀጥሎ ማስካቸው እየተነፋ እየሟሸሸ ሲሄድ አየሁ፤ ለካስ እየሳቁ ነው። ገብተው ካርዷን አመጡና ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጧት። የተቀየረ ነገር አይመለስም፣ ይህ የእኛ ሕግ ነው አሉኝ። ይቺ ግን አልተቀየረችም። ምንም አልሰጠሁባትም። ስለዚህ እኔ ዘንድ ረስተሻት የሄድሽ ዕቃ ናት። አሁን እንነጋገድ።

ከጎኗ ጋሼ የጎደላቸውን አስቀመጡ፤ የትኛው እንደጎደላቸው ለካስ ያውቃሉ። ወደ ኋላም አሉ።

እጄን አጽድቼ ጓንት አደረግኩ። ለጋሼ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩ። «ምን ታያለሽ?» አሉ። አንደኛው ጥግ ደህና ነው አልኩ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ትንሽ ለዝቧል። ነጩ ጠርዝ ወደ ግራ ቀጠን ይላል። ከዚያ የበረንዳው ጠርዝ ላይ ወጥቼ በብርሃኑ ላይ ዘንበል አደረግኳት። ከታች በቀኝ በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ብልጭ ብላ ጠፋች። እንደገና ዘንበል አደረግኩ። አለች።

ጋሼ ይህቺን እጥፋት በሕይወታቸው አያዩአትም። እትዬም ያወቋት አይመስለኝም። አልበሙ ይሞላል፣ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ጥፋቴን አስተካክዬ እገላገላለሁ። ብናገር ደግሞ እትዬ ካርዴን አዋረድሽ ብለው ሊያነሷት ይችላሉ፣ የጋሼ ዓይን ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሌላ ዓመት አይጠብቅም። ምንጣፉን የሚደባብሰው እጅ ግን ዓይኔ ላይ ነበር።

«እጥፋት አለባት ጋሼ» አልኩ። «ቀጭን ናት። ከታች በቀኝ።»

እትዬ ተንደርድረው መጡ። መራራቁን ረስተውታል። ካርዷን ተቀብለው በማጉያቸው አዩ፣ ዘንበል አደረጉ፣ አዩ። ከሃያ ዓመት በላይ እጄ ላይ ናት፣ አላየኋትም አሉ። እኔን ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ።

«ይኼ ሰውዬ ዓይኑን አውልቆ ሰጥቶሽ ነው?»

ጋሼ በስልኩ፣ እጥፋቷ ካርዱ ላይ ያለውን ሰውዬ ትነካዋለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አትነካውም አልኩ። እንግዲያው እወስዳታለሁ፣ አንድ በአንድ አሉ።

እትዬ ግን ቅር አላቸው። ለዚያ ንጹሕ ካርድ ይቺን የታጠፈች? ልትከራከረኝ ይገባል፣ ሌላ ሦስት ጨምሪ በለኝ እንጂ፤ ምን ሆነሃል አሉ።

«ዓይኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ጉልበቴ ደህና ነው። መሃሉ ሄዷል። መከራከሪያ ጊዜ የለኝም።»

እትዬ ማጉያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዴ ወደ ስልኩ፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ምስጢራችሁን አውቄው ነበር ለማለት የፈለጉ መሰለኝ፣ ግን አላሉም። ካርዷን ራሳቸው በለስላሳው ላስቲክ ከተቷት፣ ከዚያ በደረቁ መያዣ፣ ከዚያ በሁለት ካርቶን መሃል አድርገው ዙሪያዋን በፕላስተር አሰሩ። ልጅ የሚጠቀልል ሰው ነው የሚመስሉት። ሲሰጡኝ፣ ጠዋት ላይ ስጪው፣ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ወንበራቸውን ከመስኮቱ በስተግራ አደረግኩላቸው። ፕላስተሩን እኔ ላጥኩ፣ ወደ ኪሱ ማስገባቱን ግን ለእሳቸው ተውኩ። ሁለት ጊዜ ሳቱት። ልርዳዎት አላልኩም። በሦስተኛው ገባች። ገጹን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ።

ይጨፍራሉ ብዬ ነበር፣ ወይም ያለቅሳሉ። ከመጀመሪያው ጀምረን እንየው አሉኝ። ከቁጥር አንድ። ሁለት ቀን ፈጀብን። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሳቸው አንገታቸውን ሰብረው ያያሉ፣ አንዳንዱን በስሙ ያውቁታል፣ አንዳንዱን ይሰድቡታል፤ አንዱን፣ ይኼ ለእኔ አምስቴ ወጥቶብኛል፣ በስድስተኛው መንገድ ላይ ጣልኩት አሉ። በየኪሱ ውስጥ የሚሹት ምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ግን አላስቸኮልኳቸውም።

በሁለተኛው ቀን ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስንደርስ ዓይናቸው ደከመ። ያቺ የመጨረሻዋ ካርድ ላይ ስንመጣ፣ ዛሬ ጭጋግ ብቻ ነው፣ ንገሪኝ፣ ምን እያደረገ ነው አሉኝ።

ጥጓን አውቃለሁ። ጠርዟን አውቃለሁ። እጥፋቷ የት እንደምትጀምርና የት እንደምታልቅ ዓይኔን ጨፍኜ አሳያለሁ። ሰውየውን ግን አይቼው አላውቅም። ስንት ወር ሙሉ በእጄ ካለፉት ውስጥ የአንዱን ፊት እንኳ አላየሁም።

አልበሙን ወደ እኔ አዞርኩ። ወጣት ነው፣ ልጅ ሊባል ምንም አይቀረው። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጓል፣ ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አንዱን ጨፍኗል። አንገቱ ለኮሌታው ቀጭን ነው። ፎቶ አንሺውን የፈራ ይመስላል። ከኋላው አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ወንበሮች፣ ወንበሮቹ መሃል ደግሞ በጣም ትንሽ ሆኖ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ።

«ማነው ከኋላ የተቀመጠው?» አልኳቸው።

«ከኋላ ሰው አለ?» አሉ ጋሼ።

«አለ። ጃንጥላ የያዘች ሴት ትመስለኛለች።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። በዚያ ፀሐይ ጃንጥላ ለምን ያዘች አሉኝ፤ እኔም የእሳቸውን ማጉያ መነጽር አንስቼ ወደ ካርዷ ጠጋ አልኩ።